ምርቃናን ከውስጥ ያየ ካሜራ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሦስት ድምፅ አለው፦ ከፈጣን መንገዱ የሚመጣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ፣ ከብሎኮቹ ጀርባ ካለው ሜዳ የሚጮህ ጅብ፣ ከታች ግሮሰሪ የሚጎተት የቢራ ሳጥን። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ አምስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀምጠናል። መብራት ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሄዷል። ባትሪው 80 በመቶ ይላል፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ የቀረው ነው። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰን፣ ፈጣሪንም ለምነን ጀመርነው።

ፊልሙ «ፊር ኤንድ ሎዚንግ ኢን ላስ ቬጋስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ቴሪ ጊሊያም ያዘጋጀው፣ ጆኒ ዴፕ ጋዜጠኛ፣ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ ደግሞ ጠበቃው ሆነው የተወኑበት የአሜሪካ ኮሜዲ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ ማንኛውም ፊልም በፍላሽ ነው፤ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» ከሚሉት ሱቆች ባንዱ «ኮሜዲ» በሚል ፎልደር ውስጥ ከአርባ ሌሎች ፊልሞች ጋር ታጭቆ። ጫኚውን «ምን ዓይነት ነው?» ብለው «ያስቃል፣ ግን አይገባም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ካነበብኳቸው ትችቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

ችግሩ ከአምስታችን ሁለቱ ፊልሙን «አይተውት» መምጣታቸው ነበር። ስልካቸው ላይ፣ በአማርኛ የሚተረክ የፊልም ማጠቃለያ። አሁን አሁን ብዙው ወጣት ፊልም የሚያየው እንደዚያ ነው፤ ሁለት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ሆኖ፣ ከበላዩ አንድ ድምፅ «ይህ የምትመለከቱት ሰው…» እያለ። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ የሕግ ተማሪው፣ ከዚያ የያዘው ነገር አጭርና ግልጽ ነበር፦ ሁለት ሱሰኞች መኪና ሙሉ ዕፅ ጭነው ቁማር ከተማ ሄዱ፣ ሆቴል አወደሙ፣ ሳይቀጡ ተመለሱ። «ይሄ ማስታወቂያ ነው» አለ። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 525 ጠቀሰልን፤ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚደነግገውን። እንዲህ ዓይነት ፊልም በየፍላሹ ሲዞር ዝም መባሉ ገርሞታል።

ልጁ ጅል አይደለም። ታሪኩ በእርግጥ እሱ እንዳለው ነው። በነገሩ ግን ሳልስማማበት ቀረሁ፤ ላለመስማማቴ ምክንያቱም ከፊልሙ ይልቅ ከእኛው ሰፈር የመጣ ነው።

በአማርኛ ኮሜዲ ሰካራም ሲመጣ ሩቅ ሆነን እናውቀዋለን። ሸሚዙ ግማሹ ከሱሪው ወጥቷል፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ይጨዋወታል። ከመድረክ ቀልድ ጀምሮ እንደዚህ ነው። የምንስቀው በእሱ ላይ ነው፤ ካሜራው ሁልጊዜ ከጨዋው ሰው ጎን ይቆማል። ለጠላ፣ ለአረቄ፣ ለቢራ ይህ ይሠራል፤ መጠጥ ከውጭ ይታያልና። ጫት ግን ከውጭ አይታይም። የመረቀነ ሰው አይንገዳገድም፣ አይለፈልፍም (መጀመሪያ ላይ ከሆነ እርግጥ ማን ያቆመዋል)። ፍራሹ ላይ ተደግፎ፣ ውሃው አጠገቡ፣ ኦቾሎኒው እፍኙ ውስጥ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ውስጡ ግን ፋብሪካ ተክሏል፣ የወንድሙን ልጅ ውጭ አገር ልኳል፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተሰደበውን ስድብ መልሷል። ይህን ተዋናይ እየተንገዳገደ ሊያሳየን አይችልም። ስለዚህ ይመስለኛል ከመንገድ ጥግ እስከ ቢሮ ድረስ የሚቃም ነገር በኮሜዲያችን ውስጥ ከ«ጀዝባው» ገጸ ባሕርይ አልፎ ቦታ ያላገኘው።

ጊሊያም ያደረገው ካሜራውን ከሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሰካራሙ ለራሱ ጤነኛ መስሎ ይታየዋል፤ የሚንገዳገደው ዓለም ነው። መኪናዋ ቀይ ጣሪያ አልባ ሼቭሮሌት ናት፣ መንገዱ በረሃ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሹፌሩ ግን በሌሊት ወፍ ተከቦ እጁን ያወናጭፋል። የሆቴሉ ምንጣፍ ላይ ያለው አበባ እንደ ሐረግ እየተሳበ ሰው እግር ላይ ይወጣል። ባር ውስጥ የሚጠጡት እንግዶች እንሽላሊት ይሆናሉ።

ይህ ዝም ብሎ የተበተነ ቅዠት አይደለም። የካሜራ ባለሙያው ኒኮላ ፔኮሪኒ ለእያንዳንዱ ዕፅ የየራሱን ሌንስና የብርሃን አያያዝ መድቦለታል። ለኤተር የምስሉ የትኩረት ጥልቀት ይላላል። ለሜስካሊን ቀለም ቀለም ውስጥ ይቀልጣል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብርሃን ይፈነጥቃል። ለኤልኤስዲ ሁሉም ነገር በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ ተለጥጦ ይታያል። መጨረሻ አካባቢ ለሚመጣው አድሬኖክሮም ክፍሉ እየጠበበ፣ ካሜራው ፊት ላይ እየተለጠፈ ይሄዳል። (አድሬኖክሮም በእውኑ ሰውን እንዲያ አያደርግም። እንደ በርጫ ወሬ የተጋነነ ነው፤ ለኮሜዲ ግን ይሁን።) ይህን ሳታውቅም ታየዋለህ። የባጃጅ ሹፌሩ ጎረቤታችን ስለ ሌንስ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን «አሁን ሌላ ነገር ወሰዱ አይደል?» አለኝ። ወስደው ነበር።

ጫት ኤልኤስዲ አይደለም፤ ልክ ነው። ቅሞ እንሽላሊት ያየ ሰው አላውቅም፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን። አካሄዱ ግን አንድ ነው። በርጫ የሚያውቅ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፦ ሐራራ፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ዕቅድ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ (መጠጡ)፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ (የሚያስጨንቀው ቅዠት)። የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ ወሬና ዕቅድ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ዱካክ ነው። ብዙ ተመልካች «መጀመሪያው ጥሩ ነበር፣ ኋላ ላይ ደበረኝ» ሲል የሚገልጸው ሳያውቀው ያንን ቁልቁለት ነው። ዱካክ እንዲያዝናና ማን ፈርዶበት!

የባጃጅ ሹፌሩ ከሁላችንም በላይ የሳቀው ሆቴል ሲገቡ ነው። ዴፕ የሚጫወተው ጋዜጠኛ በኤልኤስዲ ጦዞ እንግዳ መቀበያው ፊት ይቆማል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጤነኛ መምሰል። እያንዳንዱን ቃል መርጦ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ከልክ ያለፈ ጨዋ ሆኖ ሊናገር ሲል የሴትየዋ ፊት እየተዛባ አሣ መሳይ አውሬ ይሆናል። ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ቀረ። ምክንያቱን ሁላችንም አውቀነዋል።

ባለፈው ክረምት ነው። በኛ ሰፈር ብሎኮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ቀለም፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ በር። ሰውየው ከበርጫ ወጥቶ፣ ጨብሲውን ጨርሶ፣ በዝናብ ሲመጣ ከራሱ ብሎክ አጠገብ ያለውን ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ቁልፉን አስገባ፤ እምቢ አለ። እንደገና አስገባ። ከውስጥ «ማነው?» ሲሉት ደነገጠ፤ ሚስቱ ሌላ ሰው አስገባች ብሎ ሳይሆን፣ መርቅኖ እንደመጣ እንዳይታወቅበት። ኮቱን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና በራሱ ቤት በር ላይ (እንደመሰለው) «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሰላም አደራችሁ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ሲል ጀመረ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ። በሩን የከፈቱት ጋሼ፣ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፣ ጎንበስ ቀና ብለው ሙሉውን ሰላምታ ከመለሱ በኋላ ነው «ልጄ፣ ያንተ ቤት ያኛው ነው» ያሉት። ባለታሪኩ ያው ባጃጅ ሹፌሩ ራሱ ነው፤ እሱ እንደ ነገረን ነው የማወራው። ጫት አንድም እንሽላሊት አላሳየውም። ጤነኛ ለመምሰል የተደረገው ያ ሁሉ ትጋት ግን የዴፕ ትጋት ነው፤ ሳቁም ከዚያ ይመጣል። ማጠቃለያው ውስጥ ይህ ትዕይንት «ከዚያም ሆቴል ገቡ» ተብሎ አልፏል።

የማጠቃለያው ነገር እዚህ ጋ ነው። ተራኪው ክስተት ይፈልጋል፤ ይህ ፊልም ደግሞ ክስተት የለውም ማለት ይቻላል። ጋዜጠኛው ላስ ቬጋስ የሚሄደው ሚንት 400 የተባለ የበረሃ የሞተርና የመኪና ውድድር ሊዘግብ ነው። ውድድሩ ይጀመራል፣ አቧራ ይነሳል፣ ምንም አይታይም፣ አልቋል። ስለ ውድድሩ የምናውቀው ይኸው ነው። ቀሪው የሚኖረው በጋዜጠኛው የውስጥ ድምፅ ውስጥ ነው፤ ዓለም እየተገለባበጠ እሱ እንደ ችሎት ጸሐፊ ረጋ ባለ ቃና የሚያወራው። ቀልዱ በሥዕሉና በድምፁ መካከል ያለው ክፍተት ላይ ነው። የኛ ተራኪ የራሱን ድምፅ ሲደርብበት ክፍተቱ ይደፈናል፤ የሚቀረው አንቀጽ 525 ነው።

ፍላሹ ላይ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ስላልነበረ ተማሪው እየተረጎመልን ነበር። መጀመሪያ እንደ ማጠቃለያው ነው የጀመረው፦ «እሱ አሁን ፈራ… እሱ ሌሊት ወፍ መጣ እያለ ነው…»። ግን ድምፁ አያቆምም፣ ፍጥነቱም አይደረስበትም። አሥር ደቂቃ ያህል እንደታገለ ሳይታወቀው «እሱ»ን ተወና በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ፦ «እኔ ደህና ነኝ። መንዳት እችላለሁ። ከኋላዬ ያሉትን ወፎች ግን ለጠበቃዬ አልነግረውም፣ ራሱ ያያቸዋል።» ይህን ሲል ቃናውም አብሮ ተለወጠ። ሹፌሩ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ዛሬ የጦዝከው አንተ ነህ» አለው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው። በ«እሱ» የተተረከውና በ«እኔ» የተተረከው ሁለት የተለያየ ፊልም ነው፤ አንዱ የፖሊስ ዜና፣ ሌላው ኮሜዲ።

ታዲያ ማስታወቂያ ነው ወይ? የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸምበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1971 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን አደንዛዥ ዕፅን ቁጥር 1 የሕዝብ ጠላት ብለው ሰይመዋል። የታሪኩ መነሻ የሆነውን መጽሐፍ የጻፈው ሐንተር ቶምሰን ላስ ቬጋስን የረገጠው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሄደውም ምን ሊዘግብ መሰላችሁ? የአቃቤ ሕጎችን የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ጉባኤ። ፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ዕፅ ሞልቷቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች መሃል ይቀመጣሉ፤ መድረኩ ላይ ያለው «ባለሙያ» ስለ ሱሰኛ ምልክቶች ሲያብራራ ማንም ወደ ጎኑ ዞር ብሎ አያይም።

እኔ ይህን ስብሰባ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ጫትና ስለ ሺሻ ጉዳት ባዘጋጀው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። አዳራሹ አበባ ተደርድሮበታል፣ ስላይዱ ላይ የጥርስ ፎቶ አለ። ከምሳ በኋላ ከተሳታፊው ሲሶው አልተመለሰም። 10 ሰዓት ላይ ለአበል ፊርማ ሲመለሱ ግን ሁሉም ነቅተው፣ ሐሳብ ሞልቷቸው፣ እጅ እያወጡ ነው። በዚያ ቀን ከቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ግማሹ፣ ምሎ መናገር ይቻላል፣ በምርቃና የተጻፈ ነው። ጥሩ ሐሳቦችም ነበሩ።

ስለዚህ ለተማሪው ያልኩት ይህንን ነው። ማስታወቂያ ዕቃውን ያቆነጃል፤ ይህ ፊልም አላቆነጀም። ውኃ የሞላው ክፍል፣ ትውከት፣ የተቀደደ አልጋ፣ ልብሱን ለብሶ ገንዳ ውስጥ ተዘፍቆ ሙዚቃው ጣሪያ ሲነካ ቴፑን ወደ ውኃው ወርውርልኝ ብሎ የሚለምን ጠበቃ። ይህን አይቶ ያማረው ሰው ካለ ቀድሞም ያማረው ነበር። ዕፁ ለእኛ ሩቅ ነው። እውነተኛው ዕቃ በዚያች ደቂቃ ከመስኮታችን ሥር እያለፈ ነው። ከደቡብና ከምሥራቅ በፈጣን መንገዱ የሚገባው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ «አልቃይዳ» በሚባሉት አይሱዙዎች ተጭኖ፣ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ የሚበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂው ንጥረ ነገር ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና ከሁለት ቀን በኋላ ጫቱ ሣር ነው። ካቲኖን በዓለም አቀፉ ስምምነት ክልክል ነው፣ ቅጠሉ ግን እኛ ዘንድ የወጪ ንግድ ዕቃ ነው፣ ግብር ይሰበሰብበታል። አንቀጽ 525ን ከፍላሽ ጋር ማገናኘት ቀላል ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጋር ማገናኘት ይከብዳል። ልጁ «እሱ ሌላ ጥያቄ ነው» አለ። የሕግ ተማሪ ነው፣ መውጫውን አያጣም።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ይረዝማል። ጊሊያም አንዴ ያሳቀንን ነገር ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ ዴል ቶሮ በጮኸ ቁጥር ጎረቤት እንዳይነሳብን ድምፅ ስንቀንስ ስንጨምር ነው ያመሸነው። በካን ፌስቲቫል ተወዳድሮ፣ ከዚያ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከጎድዚላ ጋር በአንድ ሳምንት መጨረሻ ገብቶ፣ 18 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም 10 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ማምጣቱ አይገርመኝም። ያዳኑት ቤታቸው ቁጭ ብለው ደጋግመው ያዩት ናቸው።

መሃል ላይ ግን ጫኚው «አይገባም» ያለው ፊልም በድንገት የሚገባበት ቦታ አለ። ጋዜጠኛው ሌሊት ታይፕ ራይተሩ ፊት ብቻውን ነው። እንሽላሊት የለም፣ ሌንሱ ቀጥ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የነበረውን ትውልድ ያስታውሳል፤ እናሸንፋለን ብሎ የማይጠራጠረውን፣ እንደ ማዕበል ተነስቶ በረሃው ጫፍ ላይ ተሰብሮ የተመለሰውን። ጓደኛዬ፣ የቤቱ ባለቤት፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። «ያ ትውልድ» አለ። አባቱ ከዚያ ትውልድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያ ሙዚቃው ሲጦዝ እዚህ የካቲት 1957 ነው፤ ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣበት። የእነሱ ማዕበል ሲሰበር ዕፅና ቁማር ቤት ቀረ፤ የእኛው ሲሰበር ምን እንደቀረ አባቱ ተናግረው አያውቁም። ከበርጫው ውጭ የሚያገኛቸው ሰው የለም። ባትሪው 31 በመቶ ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዱካክ ነው አልኩ። ከዱካኩም መሃል አንድ ትዕይንት አለ። የከተማው ዳር ላይ ያለች፣ ሰው የሌለባት ሌሊት የምትሠራ ምግብ ቤት ናት። አንዲት ደክሟት የምትታይ አስተናጋጅ ብቻ አለች። ጠበቃው ወረቀት ላይ ጸያፍ ነገር ጽፎ ያቀብላታል። ትቆጣለች፣ ፖሊስ እጠራለሁ ትላለች። ቢላ ያወጣል፣ የስልኩን ገመድ ይቆርጠዋል። የምንጣፍ አበባ አይሳብም፣ ፊቷ አሣ አይሆንም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጭንቅላት ውስጥ የነበረው ካሜራ ወጥቶ ከሴትየዋ ጎን ቆሟል። ቀልዱ እዚያ ላይ አለቀ። ብዙ ተመልካች ፊልሙ እዚህ ጋ ተበላሸ ይላል። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ባይደርስ ኖሮ የተማሪው ክስ እውነት ይሆን ነበር እላለሁ፤ ስካርን ከውስጥ ብቻ እያዩ መሳቅ የሚቻለው አስተናጋጇ ከእንሽላሊቶቹ አንዷ ሆና እስከቀረች ድረስ ነው።

ሹፌሩ ኦቾሎኒውን ማላመጥ አቆመ። ተማሪው መተርጎሙን ትቷል፤ የሚተረጎምም አልነበረም። ታች ግሮሰሪው የምትሠራው ልጅ እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጥላ ከኛ በስተኋላ ነበረች። ሁለት ጊዜ ስቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እኛ ሳንስቅ። አሁን ወደ ፊት ቀረብ ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። ወደ ጠበቃው አልነበረም። ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ወደሚያየው ጋዜጠኛ ነው።

«ይሄኛው» አለች፣ «ተው አይለውም እንዴ?»

ማንም አልመለሰላትም። ትዕይንቱ አልፎ መኪናዋ ወደ አየር ማረፊያ ስትበር እሷ ጫማዋን እየፈለገች ነበር፤ ነገ ተረኛ ናት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ሹፌሩ ቁልፉን አንስቶ «ነይ፣ ላድርስሽ፣ ጅብ አለ» አላት። ደረጃውን ሲወርዱ የስልካቸው መብራት ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ይታየን ነበር፤ ላፕቶፑም 9 በመቶ ላይ ጠፋ።